የተጨበጨበለት ደብተር

ለሕፃናት የስኳር ሕመም ክትትል ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ የካቲት 11

ጉዳዩ፦ በልጄ የስኳር ደብተር ላይ ያለው ቁጥር እንዲሰረዝና የኩላሊትና የጉበት ምርመራ በአስቸኳይ እንዲደረግላት ስለመጠየቅ

1. እኔ አመልካች የደንብ ልብስ ሰፊ ስሆን፣ የዘጠኝ ዓመት ልጄን በክፍላችሁ ማስከታተል ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። ባለፈው ሐሙስ የጎረቤቴ የፀጉር ሠሪዋ ልጅ ለኩላሊትና ለጉበት ምርመራ ደምና ሽንት እንዲሰጥ ተጠራ። የእኔዋ ግን የስኳር መጠኗ በየቀኑ የሚጻፍበት ደብተሯ ያማረ ነው፣ ከስድስት ወር በኋላ ትምጣ ተብላ ተመለሰች። ክቡር ዶክተር፣ ምን እደብቅዎታለሁ፣ ቅናት አንጀቴን አቃጠለው። ያ ልጅ ኮሪደሩ ላይ ይሯሯጣል። የእኔዋ ሆዷ ተነፍቷል፤ ጠዋት ስትነሳም ዓይኗ ሥር ያብጣል።

2. በምን ቀደማት ብዬ ሲስተርን ጠየቅኋቸው። ልጁ ሰሞኑን የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይዞት ስኳሩ ወጥቷል፤ እናቱም የወጣውን ቁጥር እንዳለ ጽፋ አምጥታለች አሉኝ። ኢንፌክሽን ስኳርን እንደሚያንር፣ ስኳር ከፍ ብሎ ሲከርም ደግሞ ኩላሊት እንደሚጎዳ፣ የሕፃን ጉበትም እንደሚያብጥ አስረዱኝ። ይህን ስሰማ ለልጄ ፈራሁ። ምክንያቱን ከዚህ በታች እገልጻለሁ።

3. ክፍላችሁ በየወሩ ቁጥሩ ያማረውን ደብተር ለወላጆች አሳይቶ ያስጨበጭባል፣ ግድግዳ ላይም ይለጥፋል። አምስት ወር ሙሉ የተለጠፈው የፀጉር ሠሪዋ ልጅ ደብተር ነበር። እሷም ባገኘችኝ ቁጥር "አይዞሽ እህቴ፣ ያንቺም ይስተካከላል" ትለኛለች። ከሌላ አፍ ቢወጣ ምርቃት ነው፤ ከእሷ ሲሆን ግን በቁስሌ ላይ እንጨት መስደድ ሆነብኝ። ለእሷማ ምን ገዷት! ልጇን ሱቋ ውስጥ አጠገቧ አስቀምጣ በሰዓቱ ታበላዋለች፣ በሰዓቱ ትወጋዋለች። የእኔዋ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ራሷ ከፍታ የምትገባው ባዶ ቤት ነው፤ እኔ እስኪመሽ ከስፌት መኪና አልነሳም። ታዲያ አልቅና?

4. በዚህ የተነሳ ከጥቅምት ጀምሮ 310 የነበረውን 130፣ 280 የነበረውን 120 እያልኩ ጻፍኩ። የሦስት ወሩን አማካይ ስኳር የሚያሳየው የደም ምርመራ ኬሚካል አልቋል ስለተባለ የሚያጋልጠኝ አልነበረም። በታኅሣሥ የእኛ ደብተር ተለጠፈ፤ ተጨበጨበልን። ፀጉር ሠሪዋ ከሁሉም አብልጣ አጨበጨበች። ፊቷ ላይ ቅር ያላት ነገር ፈልጌ ሳጣ፣ ጭራሽ በዚያም ተናደድኩ። ሐኪሙ ቁጥሩን አምነው የኢንሱሊኑ መጠን ባለበት እንዲቀጥል አዘዙ። እሳቸው አላጠፉም፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

5. በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኔ የደበቅኩት ደግሞ የራሴን እንኳ አይደለም፣ የልጄን ነው። ስለዚህ ከጥቅምት ወዲህ የተጻፈው ሁሉ እንዲሰረዝልኝ፣ ደብተሩም ከግድግዳው እንዲወርድ፣ ልጄ ስድስት ወር ሳትጠብቅ እንድትመረመርና ኢንሱሊኗ እንደገና እንዲታይላት በትሕትና አመለክታለሁ። የፀጉር ሠሪዋ ልጅ ተራ ይነካ አላልኩም። ትናንት በጻፍኩት ማመልከቻ ላይ ግን ይነካ ብዬ ነበር፤ ቀድጄዋለሁ። እሷን አሁንም አልወዳትም፣ ይህ ግን ለምርመራ የሚያገለግል መረጃ አይደለም።

6. ቅጣት ካለ በእኔ ይሁን እንጂ ልጄ ከክትትል እንዳትወጣብኝ እለምናለሁ። ዛሬ ጠዋት ጣቷን ወግታ መለኪያውን አየችና እስክሪብቶ ይዛ መጣች፤ "እማ፣ ዛሬ ስንት ብለን እንጻፍ?" አለችኝ። ያየሽውን ጻፊ አልኳት። 412 ብላ ጻፈች። ያንን ገጽ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ያለ ቀጠሮ የመጣ በጽሑፍ ያመልክት ስለተባልኩ ይህን የጻፍኩት እዚሁ ሆኜ ነው። ልጄ ጭኔ ላይ ተኝታለች፤ ከቢሮዎ በር ውጭ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ነን።

ከታላቅ አክብሮትና ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የታካሚዋ እናት፣ ልብስ ሰፊዋ