በሁዳዴ የፈሰሰው ወተት

ሰቆጣ፣ ሚያዝያ 1963 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ገብረ ጻድቅ፣

መጀመሪያ ልቆጣህ፤ ሰላምታው በኋላ ይደርሳል። የጻፍከው ልቦለድ ከአዲስ አበባ ደረሰን። አባባ ዓይናቸው ስለደከመ፣ ከቅዳሴ መልስ ግቢው ጥላ ሥር ቁጭ ብለው እኔን ያስነብቡኛል። "ልጄ መጽሐፍ ጻፈ" ብለው ጎረቤታችንን ቄስ ደሴንም ጠርተዋል።

በአንተ መጽሐፍ ውስጥ ሁለት ዓይነት ክርስቲያን ብቻ አለ። አንዱ ሕግ እንጂ ሰው የማያይ ሽማግሌ ቄስ ነው፤ ሌላው ከተማ ተምሮ የመጣ፣ ፍቅርን የሚሰብክ ወጣት። ቄሱ የታመመች ሚስቱን በሁዳዴ ወተት ከልክሎ ይገድላል፤ ወጣቱ ይጮኽበታል። ሰቆጣ ውስጥ ማንም ሰው ቢያነበው "ይሄማ ቄስ ገብረ አምላክ ናቸው" ብሎ አባባን ያውቃቸዋል።

ኧረ ወንድሜ! አባባ መልአክ ናቸው አላልኩም። ዳዊት ካስደገሙኝ በኋላ "የቄስ ልጅ ከወንድ ጋር ወንበር አትጋራም" ብለው ትምህርት ቤት የከለከሉኝ እሳቸው ናቸው። እስካሁን ያንገበግበኛል። እሱን ብትጽፍ ባጨበጨብኩልህ፤ ለእኔ ግን አንድ መስመር እንኳ አልተረፈኝም።

ወተቱንስ ረሳኸው? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! እናታችን ስትታመም የንስሐ አባቷ ቆላ፣ ሰሃላ ወርደው ነበር። ፈቃድ የሚሰጣት ሲጠፋ፣ አባባ ራሳቸው የፍየል ወተት በቅል ይዘው ገቡና "ጠጪ፤ በእኔ ይሁን" አሏት። ቅሉን ከእጇ ነጥቀህ የደፋኸው አንተ ነህ፤ አዲስ ዲያቆን፣ ከጳጳሱ ብሰህ። "በቄስ ቤት ጾም ይገደፋል?" አልክ። እሷም ልጇን አፍራ ዳግመኛ አልቀመሰችም። ፋሲካንም አላየችም።

እዚያ ምዕራፍ ላይ ስደርስ ዘልዬ ላልፍ ነበር።

"ገጹን ደጋግመሽ ገለጥሽው" አሉኝ አባባ። "አትዝለይ።"

እንዳለ አነበብኩት። ቄስ ደሴ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ጎተቱ።

"'እኔ ደፋሁት' ብሎ መኖር ከከበደው፣ 'አባቴ ከለከለ' ይበል" አሉ አባባ። "ተይው። በእኔ ይሁን።"

እሳቸው ችለውልሃል። እኔ አልችልልህም። ክረምት ገብቶ መንገዱ ሳይዘጋ ና፤ ያን ምዕራፍ አንተው ራስህ አንብብላቸው።

መጽሐፍህ ውስጥ የሌለችው እህትህ፣
እማዋይሽ