ያልገደልነውን ዘበኛ ስለገደላችሁልን

ባለ ጥቁር ልብስ ሰላይ በግድግዳ ሥር እየተደበቀ የሚያልፍበትን ጨዋታ ለሠራችሁ የተከበራችሁ ጌቶች፤ ባላችሁበት አገር።

አሰላሙ ዓለይኩም። ነጋ ጂርቱ? እናንተስ፣ ልጆቻችሁስ፣ ሠራተኞቻችሁስ እንዴት ናችሁ? እኛ ከሚሴዎች አልሐምዱሊላህ አለን፤ መብራት ሲኖር ደግሞ ይበልጥ አለን።

እኔ ጥርሴ አልቆ ምላሴ ብቻ የቀረኝ ሽማግሌ ነኝ። ከልጅ ልጄ ከሚስራ ጋር ዘይኑ የሚባል ጎረምሳ ከከፈተው ጌም ቤት የምቀመጠው ጉብዝና አምሮኝ አይደለም። አባቷ፣ ልጄ አብዶ፣ የእህል መጋዘን ዘበኛ ነበር፤ አምና ሌቦች ሥራው ላይ እንዳለ ገደሉት። ከዚያ ወዲህ እሷም እኔም ብዙ አንናገርም። የእናንተ ጨዋታ ድምፅ ሳያሰሙ መሄድን ስለሚወድ ተስማማን።

ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ፤ ትልልቅ ሰዎች ቁጥር ይወዳሉና።

፩. ሰላያችሁ በእጃችን ሳለ ጠጠር ቢረግጥ ይሰማበታል። ሰንበቴ ገበያ ፍየል ሊሰርቅ የመጣ ሰው እንኳ እንደ እኛ በሆዱ አልተሳበም። በጨዋታው መሀል የምትከቱት ፊልማችሁ ሲጀምር ግን ያው ሰውዬ በዋናው በር እየተንጎማለለ ይገባል። በሩ ክፍት መሆኑን ቀደም ብላችሁ ብትነግሩን የሚስራ አውራ ጣት ባመሰገናችሁ ነበር።

፪. የፍየል ደላላ እንኳ ሲለፈልፍ እጃችንን ፍየሉ ወገብ ላይ እንድናሳርፍ ይፈቅዳል። እናንተ በፊልማችሁ ስታወሩ ግን ጆይስቲኩ አልታዘዝ ብሎ የእንጨት ቁራጭ ይሆናል።

፫. ሚስራ ገና ከጅምሩ አንድም ዘበኛ አንገድልም አለች። ጨዋታችሁም ፈቀደላት፤ በየጥላው አሳልፋ አሳልፋ የመጨረሻው በር ደረሰች። ለዚህ ከልቤ አመሰግናለሁ። እዚያ ላይ ፊልም መጣና የሰላዩ ሽበታም አዛዥ እጁን ዘርግቶ በቋንቋችሁ ብዙ ተናገረ። እኛ ዘንድ ሽማግሌ እጁን ዘርግቶ ሲናገር ዱዓ ነው፤ ስለዚህ ጆይስቲኩን አስቀምጠን፣ መዳፋችንን ከፍተን፣ በየመሀሉ አሚን አልን። ለካ ሰውዬው የበሩን ዘበኛ ግደለው እያለ ኖሯል፤ ኋላ ዘይኑ ነው የነገረን። ሰላዩም እኛን ሳይጠይቅ ገደለው። ዘበኛው ወደቀ፤ ቆቡ ተንከባለለ፤ ሙዚቃችሁም ያምር ነበር።

ሚስራ አላለቀሰችም። «አባባ፣ አሚን ስላልን ነው?» አለችኝ። ቀብር ላይ እንኳ ቀልድ የማላጣው ሰው የተከፈተ መዳፌን ጉልበቴ ላይ ደፋሁት። ሰውነቴ እንደተኙበት ክንድ ሆነ፤ እስካሁንም አልተመለሰም።

ጌቶቼ፣ ፊልም መሥራት ካማራችሁ ሥሩ፤ ቁጭ ብለን እናያለን። ጨዋታ ብላችሁ ከሰጣችሁን ግን መልሳችሁ አትንጠቁን፤ ልጅ ተጠንቅቃ ያሳለፈችውንም ሰው ለፊልም ማሳመሪያ አታድርጉት። ቢቸግር ቢቸግር በዚያች ሰዓት እምቢ የምንልበት አንድ ቁልፍ ተዉልን።

ጥበባችሁን ከሩቅ የሚያደንቅ፣ ዕድሜያችሁን እንደ ፊልማችሁ ያርዝመው ብሎ የሚመኝ፣ አክባሪያችሁ፣
ኑርሁሴን ይማም
ከሚሴ፣ ሚያዝያ 2003 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ጨዋታው አልቆ አዲስ እንገዛ ይሆናል ብላችሁ አትጠብቁን። ሚስራ አሁን ጨዋታውን እንደገና እየጀመረች፣ ፊልሙ ከሚጀምርበት በር ትንሽ ቀደም ብላ ሰላዩን ጥላ ውስጥ ታስቀምጠዋለች። ዘበኛው ወዲያ ወዲህ ይላል፤ እኛም ዝም ብለን እናየዋለን። ዘይኑ ወደፊት ካልሄዳችሁ አያልቅም ይለናል። እኛ ደግሞ እንዲያልቅ አንፈልግም።