ወደ ጥግ የተገፋው ማዕድ

ለውዱ ባለቤቴ፣ ለታምራት አባት፤

በሞት ከተለየኸኝ አራተኛ ዓመቱን ያዘ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ዳገት ሲሆን ያስቸግረኛል። ጓሮ የተከልከው አቮካዶ ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፍርቶ ለጎረቤት ሁሉ ተረፈ። ክረምት በመጣ ቁጥር በጭቃው እየተማረርክ ወደ ገበያ የምትሄድበት መንገድ ድንጋይ ተነጥፎበታል፤ አሁን ብታየው አታውቀውም።

ቤተ ክርስቲያናችንም ተለውጣለች። የጭቃው ግድግዳ ፈርሶ በብሎኬት ተሠርቷል። መድረኩ ሰፍቷል፤ ከሰው ቁመት የሚበልጡ ስፒከሮችና ቀለማቸው የሚቀያየር መብራቶች ገብተዋል። ኪቦርዱን የሚጫወተው ታምራት ነው። ልጅህ ጎበዝ ነው፤ በእሱ ምክንያት ከቀይ አፈር ከተማ ድረስ በሚኒባስ የሚመጡ ወጣቶች አሉ። እኔም መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። ቀስ በቀስ ግን ዝማሬው ባለቀ ቁጥር ሰው ማጨብጨብ ጀመረ፤ ለማን እንደሚያጨበጭብ አልገባኝም።

ባለፈው በጋ የሆነውን ልንገርህ። የጌታ እራት የሚወሰድበት እሑድ ነበር። ቂጣውን እንደ ድሮው እኔ ጋግሬ፣ በነጭ ጨርቅ ሸፍኜ ይዤ ሄድኩ። አባባ ማርቆስም ከአሪ ደጋ ወርደው እኛ ቤት አድረው ነበር። ወንጌል ይዘህ ወደ ሰፈራቸው ስትወጣ መጀመሪያ ቤታቸውን የከፈቱልህ እሳቸው አይደሉ? አሁን ዓይናቸው ደክሟል፤ ቁልቁለቱን በምርኩዝ እየዳበሱ ነው የሚወርዱት።

ስንገባ የማዕዱ ጠረጴዛ በቦታው የለም። ከአዲስ አበባ ዘማሪ ተጋብዞ ስለነበር ለመድረኩ ቦታ እንዲሰፋ ወደ ጥግ ገፍተውታል፤ የካሜራ ቦርሳ ተቀምጦበታል። ቦርሳውን አንስቼ ቂጣውን አኖርኩ። ዝማሬው ረዘመ። ሰው ዘለለ፣ በስልኩም ቀረጸ። ሲያበቃ መሪው ሽማግሌ ሰዓቱ ስለሄደ የጌታ እራት ለሚቀጥለው እሑድ ተላልፏል ብለው አሳወቁ። ሰውም ከዘማሪው ጋር ፎቶ ለመነሣት ወደ ግቢው ጎረፈ።

አባባ ማርቆስ ከአግዳሚው አልተነሡም። ታምራት የስፒከሩን ገመድ ሲጠቀልል ጠሩትና እራቱን ሳንወስድ ልንሄድ ነው ወይ ብለው ጠየቁት። መተላለፉን ነገራቸው።

«ዝማሬያችሁን ሰምቻለሁ ልጄ፤ ደስ ብሎኛል» አሉት በዚያ በምታውቀው አማርኛቸው። «እኔ ግን የመጣሁት ለእራቱ ነው።»

ቁጣ አልነበረባቸውም። ታምራት ጠረጴዛውን አየ፣ እኔን አየ፤ ከዚያ ገመዱን አስቀምጦ ወጣ። ሽማግሌው እንግዳውን ምሳ ሊጋብዙ መኪና ውስጥ ገብተው ነበር፤ ለምኖ መለሳቸው። አንገታቸውን ደፍተው ገቡ። ጠረጴዛውን ሁለቱ ተጋግዘው ወደ መሃል መለሱት። ቃሉ ያለ ማይክ ተነበበ። ግቢ የነበሩትም አንድ ሁለት እያሉ ተመለሱ፤ እንግዳው ዘማሪም ከኋላ ገብቶ ተንበረከከ። ቂጣው ለሁሉም በቃ። ከዚያ አባባ ማርቆስ በአሪኛ መዝሙር አነሡ፤ እኛም መሬቱን በእግራችን እየመታን፣ እያለቀስንም ተቀበልናቸው። አንተ ብትኖር ከሁላችን ቀድመህ ትዘል ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሁሉ ነገር ተስተካከለ ብዬ አልዋሽህም። ታምራት ማዕዱ ከዝማሬው ይቅደም ብሎ ለሽማግሌዎች ሲያቀርብ አንዳንዶቹ ወጣቱ ይሸሻል ብለው ተከራከሩት፤ እውነትም ጥቂቶች ሄደዋል። ነገር ግን የጌታ እራት በሚወሰድበት እሑድ እንግዳ መጋበዝ ቀርቷል፤ ማዕዱም ከሁሉም ይቀድማል።

በቅርቡ ደግሞ ቃሉን የማንበቡ ተራ ለታምራት ደረሰው። ሲዘጋጅ ሰንብቶ ወደ ኩሽና መጣና «አባዬ ማዕዱ ፊት ቆሞ ከማንበቡ በፊት ለምን ነበር ዝም የሚለው?» አለኝ። ልጅ ሳለ ገጹ የጠፋብህ ይመስለው ነበር።

«ማዕዱን ይፈራ ነበር» አልኩት።

እሑድ ዕለት መጽሐፉን ገልጦ ቆመ፤ ወዲያው ማንበብ ግን አልቻለም። ዓይኑን ወደ ማዕዱ ሲመልስ ከአግዳሚዬ ሆኜ አየሁት።

የታምራት አባት፣ ያን ፍርሃትህን በሕይወት እስካለሁ አልረሳውም። ለልጅህ ነግሬዋለሁ፤ ዕድሜ ከሰጠኝ ለልጆቹም እነግራለሁ።

ባለቤትህ፣
ከጂንካ