ጥጃሽ አየር አገኘች

ለሩቋ እህቴ ይድረስ፤

እታለም፣ እንዴት ሰነበትሽ? ጤናሽስ? እንቅልፍሽስ? የክፍልሽን መስኮት ለብርዱ ብለሽ በላስቲክ ከደፈንሽው ወዲህ ሳልሽ ቀለል አለልሽ? እኛ ከእማዬ ጉልበት በቀር ሁላችንም ደህና ነን። እኔማ ይኸው በገዛ እጄ እየጻፍኩልሽ ነው! የማታው አስተማሪያችን እንደ እኔ ያለ ተማሪ አይቶ አያውቅም፤ እሱ ባይናገረውም ፊቱ ላይ አንብቤዋለሁ። ማንበብ ችዬ የለ!

በአደራ ትተሽልን የሄድሽው ላም የወለደቻት ጥጃ ታማብን ነበር። ብርዱ ሲከፋ የጥጆቹን ቤት በጭቃና በጆንያ ጥርቅም አድርጌ ደፈንኩትና፣ ጉንዳን እንኳ ሳታስፈቅደኝ አትገባም እያልኩ ለሰፈሩ ጉራዬን ነዛሁ። እማዬም መረቀችኝ። ከዚያ ጥጃሽ መሳል ጀመረች፤ ጡት እንቢ አለች፤ ጎኗ እንደ ወናፍ ይርገበገባል። እማዬ ብርድ ነው ብላ ሌላ ጆንያ ጨመረች።

የከብት ሐኪሟ መጥታ መርፌ ወጋቻትና ወደ እኔ ዞራ፣ በል ጀግናው፣ እስቲ እንደ ጥጃ ተንበርክከህ ተንፍስ አለችኝ። ምን ገዶኝ፣ ከፈለግሽ እዚሁ አድራለሁ አልኳት። እታለም፣ የሽንቱ ሽታ አፍንጫዬን ሰንጥቆት፣ ዓይኔ እንባ በእንባ ሆኖ እየዳኸሁ ወጣሁ! ሐኪሟ ስቃ ስታበቃ፣ እሷ ግን መውጫ የላትም አለችኝ። የእኔም ሳቅ እዚያው ደረቀ።

ከጣሪያው ሥር በሁለቱም ወገን ክፈቱ፣ የታፈነው አየር በላይ ይውጣ፤ ነፋሱ እንዳይመታት የታችኛው ግድግዳ እንዳለ ይቆይ፤ የምትተኛበት ገለባ ደረቅና ወፍራም ይሁን ብላን ሄደች። እኔ ከፈትኩ። ጠዋት ስገባ ቀዳዳው ተወትፎ አገኘሁት። ስቤ ሳወጣው ያንቺ አሮጌ ሹራብ ነው። ልቆጣ ስል እማዬ በሩ ላይ ቆማ፣ እዚያም እኮ ብርድ ነው አሉ አለች። የምታወራው ስለ ጥጃዋ እንዳልሆነ ገባኝ።

እጇን ይዤ አስገባኋት፤ በዚያ ጉልበቷ አጠገቤ ተንበረከከች። ትንሽ ቆይታ አሳላት። ተነሳችና የቀረውን ጆንያ ራሷ ነቀለችው። ጥጃሽ ሳሏ ጨርሶ ባይለቃትም ዛሬ ጡት ጠብታ ጠግባ፣ እኔን ጀግናውን በግንባሯ ገፍታ ጣለችኝ።

አባዬ ዓይኖችሽን ይስማል። ታናሿ እህታችን ናፍቀሻታል። አብራሽ ለምትኖረው ጓደኛሽም ሰላምታችንን አድርሺልን። እማዬ ግን ትከሻዬ ላይ ተደግፋ ጻፍ ትለኛለች፤ ያንን ላስቲክ ከላይ በኩል ትክፈተው ትላለች። ብርዱንስ ምን ታድርገው ብላት፣ ሹራቡን አጥቤዋለሁ፣ ከደብዳቤው ጋር ላክላት አለችኝ።

ወንድምሽ
ከጥጆቹ ቤት ደጃፍ፣ እሑድ ጠዋት