ጋሼ ጀዋር እሁድ ይመጣሉ

ውድ ፋናዬ፣

አትደንግጪ እንጂ ባለፈው አርብ የማስተርስ ጥናትሽን ስታቀርቢ አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ። ከኋላ፣ በሩ ጋ፣ ጥቁር ኮት ለብሶ የተቀመጠው ሰውዬ እኔ ነኝ። ኮቱን መርካቶ ዱባይ ተራ ካለው የልብስ ሱቃችን በር ላይ ከሚቆመው አሻንጉሊት ነው ያወለቅኩት። ምስኪን፣ በከረባት ብቻ ዋለ። የግቢው ጥበቃ "ዶክተር፣ በዚህ ይለፉ" ሲለኝ ከአስረኛ ክፍል ያቋረጥኩ መሆኔን ነግሬ ላሳዝነው አልፈለግኩም። "ተባረክ ልጄ" ብዬው ገባሁ።

ሳቄ ግን እዚያው በሩ ላይ አለቀ። ደክሞኛል፣ ፋኒ።

የመርካቶ ነጋዴ ሲጣላ ፍርድ ቤት ሳይሄድ በሽማግሌ እንዴት እንደሚታረቅ ልትጽፊ ስትነሺ፣ ከሱቅ ሱቅ ያዞርኩሽ እኔ ነኝ። የሰፈሩን አስታራቂ፣ ጨርቅ ነጋዴውን ጋሼ ጀዋርን ያስተዋወቅኩሽም እኔ። "አንተ ማሙሸት፣ ይቺ ልጅ እንዲህ የምታፋጥጠኝ ልታሳስረኝ ነው?" ሲሉኝ፣ "እርስዎን ምን ታደርግዎታለች፣ ያሰረችውስ እኔን ነው" አልኳቸው። ቀልድ ነው ብለው አላለፉትም። "የምርህን ከሆነ እኔ አባቷ ዘንድ እሄድልሃለሁ" አሉኝ።

ሄዱም። ሁለት ሽማግሎች አስከትለው። አባትሽ ጋሼ ይመር የበርበሬ ሱቃቸውን ዘግተው በክብር ተቀበሏቸውና "ትምህርቷን ትጨርስ" አሉ። በዓመቱ ደግመው ሄዱ፤ "ጽሑፏን ታስረክብ" ተባሉ። አንቺን ስጠይቅሽ "ማሙሽ፣ ምዕራፍ አራት ይለቅ" ትያለሽ። ሌላውን ሰው ፍቅረኛውን ጎረምሳ ነጠቀው፣ እኔን ምዕራፍ አራት!

መድከምሽንማ አይቻለሁ። ራጉኤል ደጅ ተቀምጠን፣ አማካሪሽ የሠራሽውን ሁሉ እንደገና ጀምሪው እንዳለሽ እየነገርሽኝ፣ ወሬሽን ሳትጨርሺ ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ወሰደሽ። ክንዴ እስኪደነዝዝ አልተንቀሳቀስኩም። (አፍሽ ተከፍቶ ነበር። ፎቶው አለ።)

እና አርብ ዕለት ፈታኟ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁሽ። "ሽማግሌ የተላከበት ሰው እሺም እምቢም ባይልስ?"

አንቺ ወረቀትሽን እንኳ አላየሽም። "ሽማግሌን ያለ መልስ ማመላለስ ከእምቢታ የከፋ ንቀት ነው። እምቢ የተባለ ሰው ቢያንስ ቁርጡን አውቆ ወደ ሥራው ይመለሳል" አልሽ።

አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ እጄን ኪሴ ልክተት ብል የአሻንጉሊት ኮት ኪሱ የውሸት ነው፣ ተሰፍቷል። እጄን የማደርግበት አጣሁ።

በማግስቱ ጋሼ ጀዋር ለሦስተኛ ጊዜ ሄዱ። አባትሽ "ለዶክትሬት ተቀብለዋታል፤ እሱን ትጨርስና እናያለን" አሏቸው። ይህን ሲነግሩኝ ጨርቃቸውን እያጠፉ ነበር፤ ቀና ብለው አላዩኝም። "እግሬ አይደለም የደከመው፣ ማሙሸት" አሉኝ። "ፊቴ ነው።"

ፋኒ፣ ዶክትሬትሽን ተማሪ። ብትቀሪ እኔው ነኝ የምጣላሽ፤ ጥበቃው ፊት ዶክተር ሆኜ ካንቺ ልብለጥ? አሁን ግን የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው። እሁድ ከሰዓት ጋሼ ጀዋር ለመጨረሻ ጊዜ ይመጣሉ፤ ለምኜ ነው ያስነሳኋቸው። አባትሽ እንዲመልሱልሽ ጓዳ አትቀመጪ። ሳሎን ግቢና ራስሽ መልሺላቸው። "እሺ" ካልሽ ስንት ምዕራፍ ቢኖረው እጠብቃለሁ፤ ምሳሽን ላይብረሪ ድረስ እያመላለስኩ። "እምቢ" ካልሽም ሰኞ ጠዋት ኮቱን ለባለቤቱ አልብሼ ሱቄን እከፍታለሁ። ይከብደኛል፣ ግን እከፍታለሁ።

"እናያለን" ብቻ እንዳትዪ። ክፉነቱን ካንቺ ነው የሰማሁት።

አሻንጉሊቱን እስከ እሁድ ራቁቱን ያቆመው፣
ማሙሸት