የጋሽ ሰይድ መነጽር

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 30 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ ደሴ

ዛሬ ጠዋት ጋሽ ሰይድ ከኮምቦልቻ ደወሉ። ለመለዋወጫ ሱቃቸው የሽያጭ መመዝገቢያ ፕሮግራም የሠራሁላቸው፣ የመጀመሪያ ደንበኛዬ ናቸው። «የዛሬውን ቀን ስጽፍለት ስህተት ነው ይለኛል» አሉኝ። እኔም አፌን ሞልቼ፣ «ተሳስተው ጽፈው ነው፤ ቁጥሩን ደህና አድርገው ይዩት» አልኳቸው። ትናንት ሲሠራ የዋለ ፕሮግራም ዛሬ ምን ይሆናል ብዬ!

«ወላሂ ሠላሳ ነው ያልኩት፤ ጎረቤቴንም ጠይቄያለሁ» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እንግዲህ ዓይኔ ይሆናል፤ አንቺንም አደከምኩሽ» ብለው ዘጉት።

ነገሩ ሲከነክነኝ ጊዜ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ሄጄ አብራኝ ለተማረችው ለሕይወት ኮዱን አሳየኋት። ገና እንዳየችው ሳቀች። «አንቺ፣ ይሄ እኮ የሚያውቀው የፈረንጅ ቀን ነው። ሁለተኛ ወር ስትይው ጥቅምት አይመስለውም፣ ፌብሩዋሪ ነው የሚመስለው። ፌብሩዋሪ ደግሞ ሠላሳ የለውም።» ጳጉሜንማ ጭራሽ አላሰብኳትም።

ጥፋቱ የኔ ነው ልላቸው፣ ቤት እንደገባሁ ደወልኩላቸው። ገና ሰላም ሳልላቸው ቀደሙኝ።

«አብሽሪ፣ የነገውን፣ ኅዳር አንድን ስጽፍለት ተቀበለኝ። ልክ ነበርሽ፣ የኔው ዓይን ነው። ሰኞ ደሴ ወጥቼ መነጽር ላሠራ ነው።»

«እሺ ጋሼ» አልኳቸው። «መነጽር ቤቱን እኔ አሳይዎታለሁ።»