ለቢሮዎ በር ስለሚመጥነው የእንግሊዝኛ ቃል

ይድረስ ለተከበሩ ጓድ በላቸው፣ ለገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበር፤
ከአምባ ጊዮርጊስ መንገድ በላይ፣ ኅዳር 1979 ዓ.ም.

እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ሥራዎ፣ በተለይም እንቅልፍዎ የተሟላ እንደሚሆን ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ከመጋዘኑ ውጭ ያለነው ደህና ነን።

ቅሬታ ያለው ሰው ጽፎ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ይለጥፍ ብለው በስብሰባ ስላበረታቱን፣ ይህን ደብዳቤ እዚያው ለጥፌዋለሁ። ስለጥፍ ደጋግሜ ወደ ኋላዬ ዞሬአለሁ። ማንም አልነበረም። ያም አላረጋጋኝም።

ባለፈው ማክሰኞ እርስዎ ለሚሊሺያ ቤተሰቦች የገብስ አጨዳ ደቦ ጠሩ። በእኛ ዘንድ ደቦ ተጠርቶ የሚቀር ሰው የለም፤ ዛሬ ለሌላው ያጨደ ነገ ይታጨድለታል። ስለዚህ ጎረምሳው ሁሉ ማጭዱን ይዞ እየዘፈነ መጣ። እኔም፣ የትምህርት ቤቱ የእንግሊዝኛ መምህር፣ ማጭድ አያያዝ ባላውቅም መጣሁ። መጀመሪያ ቁርስ ቅመሱ ተባልንና ማጭዳችንን በር ላይ አስቀምጠን ወደ መጋዘኑ ገባን። በሩ ከውጭ ተቆለፈ። ለውትድርና የሚጭነን ማኪና ቅዳሜ እንደሚደርስ የሰማነው ከዚያ በኋላ ነው።

እኔን አስወጡኝ። የውጭ አገር እርዳታ ሰጪዎች ሊጎበኙን ስለሆነ፣ በቢሮዎ በር ላይ በእንግሊዝኛ የሚጻፈውን ማዕረግ ከነትርጉሙና ከነምንጩ አጥንቼ እንዳቀርብ አዘዙኝ። እኔን ያወጣኝ እንግሊዝኛ ነው። አጠገቤ ተቀምጦ የነበረው አለነ እንግሊዝኛ አይችልም። ስለተደረገልኝ ውለታ እጅግ እያመሰገንሁ ጥናቴን እንደሚከተለው አቀርባለሁ፦

1. ማኔጀር። ምንጩ ጣሊያንኛ ሲሆን፣ እጅ ከሚለው ቃል ተነሥቶ ፈረስን ይዞ መግራት ማለት ነበር። ጣሊያን ማኪናንና ቦርሳን ሲተውልን ይህን ቃል ይዞት መሄዱ ያሳዝናል። ፈረስ የገራ ሰው እንደሚያውቀው፣ ፈረሱ እጅን ካላመነ ሥራው አይጀመርም። እርስዎ ግን ገብስ አሳይቶ ጋጣውን መቆለፍ እንደሚበቃ በማስተማር ሙያውን አሳጥረውልናል።

2. አድሚኒስትሬተር። ከላቲን የመጣ ነው። በውስጡ ያለው ቃል አገልጋይ ማለት ሲሆን፣ የዚያም ሥር ያነሰ የሚል ነው። ይህን በበርዎ ላይ እንዲያጽፉ ለመምከር ድፍረቱ የለኝም።

3. አሲስታንት። ረዳት፤ በጥንቱ ትርጉም አጠገብ የሚቆም። ታጣቂዎችዎ በመጋዘኑ በር ግራና ቀኝ ስለቆሙልን እናመሰግናለን።

4. ሰፖርት። ድጋፍ፤ በጥንቱ ትርጉም ከታች ሆኖ መሸከም። የአለነ እናት ወይዘሮ ወለተሩፋኤል ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ የሚያርስላቸውም የሚያጭድላቸውም አለነ ብቻ ነው። በየቀኑ ምሳውን በአገልግል ተሸክመው፣ አጥር እየዳበሱ ይመጣሉ። ትናንት ታጣቂው ሲመልሳቸው እርስዎ ከቢሮዎ ወጡ። «ምነው በላቸው» አሉዎት፣ «የእናትህን መቃብር ሲቆፍር የዋለው አለነ አይደል? አንተ ብትጠራው ነው እኮ የመጣ። ጠላት ቢጠራውማ ይቀር ነበር።» እርስዎም ስለ እናት አገር ጥሪ በሰፊው አስረዷቸው። አንገታቸውን ደፍተው እስከ መጨረሻው አዳመጡ። «እሽ፣ ሸጋ ነው» አሉ ሲጨርሱ። «በል ምሳውን አድርስልኝ፤ ወጡ ይቀዘቅዛል።» አገልግሉን ተቀብለው ለጥቂት ጊዜ የት እንደሚያኖሩት ጠፍቶዎት ነበር። አይቻለሁ። ለዚያች ጥቂት ጊዜም አመሰግናለሁ፤ ይህኛው ምስጋናዬ የእውነት ነው።

5. ሄልፕ። መርዳት። የዚህን ቃል ምንጭ ብዙ ፈለግሁ። በሰሜን አውሮፓ ቋንቋዎች ዘመዶች አሉት፤ ከዚያ ወዲያ ዱካው ይጠፋብኛል። ከየት እንደመጣ አላውቅም። ነገር ግን ማክሰኞ ጠዋት በመንገዳችን ላይ እየዘፈነ ሲሄድ አይቼዋለሁ። ማጭድ ይዞ ነበር።

ማጠቃለያዬ አንድ ልመና ነው፦ ማኪናው ቅዳሜ ከመነሣቱ በፊት አለነ ወደ እናቱ ይመለስ። ሌሎቹም እናት እንዳላቸው አውቃለሁ። ሁሉንም ብጠይቅ አንዱንም እንዳላገኝ ፈርቼ ነው። ፍርሃቴን ከእንግሊዝኛዬ ይልቅ አጥርቼ አውቀዋለሁ፤ ፊደሎቼ የተጣመሙትም በእሱ ነውና ይቅር ይበሉኝ። የበሩን ማዕረግ በተመለከተ ከአምስቱ የወደዱትን ይምረጡ። እንግዶቹ የመጋዘኑን በር ካላዩ ሁሉንም ያምናሉ።

በመጋዘንዎ ውስጥ የተደረገልኝን አጭር መስተንግዶ እስከ ዕለተ ሞቴ የማልረሳ፣ በቋንቋ ችሎታ ከጭነት የተረፍሁ ታዛዥዎ፣

ሀብተሥላሴ ዳኛው
የእንግሊዝኛ መምህር

ድኅረ ጽሑፍ፦ የእርስዎም ገብስ ደርሷል። ዛሬ በማሳዎ ጥግ ሳልፍ ፍሬው መርገፍ ጀምሮ አየሁ። እባክዎ ደቦ አይጥሩ፤ ከማክሰኞ ወዲህ የእርስዎን ጥሪ የሰማ ሁሉ የሚሮጠው ሊሸሸግ ወደ ገደሉ ነው። አለነ ግን፣ ከለቀቁት፣ ማጭዱን ይዞ ይመጣልዎታል። እንዲህ ያለ ሰው ነው።